እናትሽን ይዘሽ ሮም ስትገቢ

«እትዬ፣ ፍራንክፈርት የምኖር ነርስ ነኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች፤ በኤፕሪል መጀመሪያ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ሮም ልወስዳት ቲኬት ቆርጫለሁ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው። እኔ እንኳ እንደ እሷ ጠንካራ አይደለሁም፣ እናቴ ግን ጾሟን የምትሽር ሴት አይደለችም። ባለፈው ዓመት ፓሪስ ሄደን ከአንዱ ታዋቂ ቦታ ወደ ሌላው በታክሲና በምድር ባቡር ስንሮጥ ዋልን፤ ሲርበን ያገኘነው ቤት ገብተን ብዙ ገንዘብ ከፍለን የተጠበሰ ድንች በላን። እናቴ ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ከሻንጣዋ ቆሎ እያወጣች ነበር የምታድረው። ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ መራመድ ትወዳለች። ገንዘባችን የተመጠነ ነው። ምን እንብላ? ከተማውንስ በእግር እንዴት እንየው? ታናሽ እህትዎ፣ ከፍራንክፈርት»

እህቴ፣ እናትሽ ያን ያህል ባሕርና አገር አቋርጠው መጥተው በቆሎ ማደራቸው አንጀቴን በልቶታል። ደግነቱ የመረጥሽው ከተማ ሮም ነው። ለጾመኛ ሰው ሮም የምትመች ከተማ ናት፤ የከተማው የድሮ ምግብ በአብዛኛው የድሃ ሰው ምግብ ስለነበር በሽምብራ፣ በባቄላ፣ በቅጠል፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት የተሠራ ነው። ለእግረኛም ትመቻለች። ከፒያሳ ናቮና እስከ ፓንቴዎን አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ከፓንቴዎን እስከ ትሬቪ ፏፏቴ ደግሞ አሥር ደቂቃ ያህል።

የፓሪሱ ችግር የመጣው ቀኑ ሙሉ ለሚታይ ነገር ተመድቦ መብሉ ለአጋጣሚ ስለተተወ ነው ብዬ አስባለሁ። ሮም ላይ ገልብጪው። መጀመሪያ ዋናውን ምግብ በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት እንደምትበሉ ወስኚ፤ ከዚያ ወደዚያ ሰፈር የሚያደርስ የእግር መንገድ ምረጪ። ቤተ ክርስቲያኑም፣ ፍርስራሹም፣ አደባባዩም በመንገዳችሁ ላይ ይጠብቃችኋል። ሰው ወደ ጥሩ ገበታ እየሄደ መሆኑን ሲያውቅ አካሄዱም ይለያል፤ በተለይ ጉልበቱን የሚያመው ሰው።

አንድ ነገር አልነገርሽኝም፦ እናትሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት? ይህ ለሮም ጉዞ ትልቅ ጥያቄ ነው። የሮም ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት በከተማው ሰዓት ከ12:30 ገደማ ጀምሮ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ወይም ዘጠኝ ሲሆን ወጥ ቤቱ ይዘጋል፣ የሚከፈተውም ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ልክ መብላት በሚፈልጉበት ሰዓት ደህና ደህናው ቤት በሩን ይዘጋባችኋል፤ ከፍቶ የሚጠብቃችሁ ቀኑን ሙሉ ቱሪስት የሚያስተናግደው ቤት ብቻ ይሆናል። መፍትሔው ሐሙስና ዓርብ ዋናውን ማዕድ ወደ ማታ ማዞር፣ ቅዳሜና እሑድ ግን የሰዓት ጾም ስለሌለ ምሳን የቀኑ ምሰሶ ማድረግ ነው። ዕቅዴን በዚሁ ልክ ሠርቼልሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ምግቡ ልንገርሽ፤ ወጥመዱ ያለው እዚያ ነው። በሮም «የጾም» የሚመስል ብዙ ነገር ጾም አይደለም። አማትሪቻና የሚባለው ፓስታ ሲያዩት ቲማቲም ብቻ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጓንቻሌ የሚባል የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለበት። ካርቦናራና ግሪቻም እንደዚሁ። ስለ አሳማው ነገር አንቺም ልታውቂው ይገባል። ካቾ ኤ ፔፔ የሚባለው ሥጋ የለውም፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይብ ነው። የዱባ አበባ ጥብስ በውስጡ አይብና አሊቺ የሚባል ጨው የገባው ትንሽ ዓሣ አለበት። ፑንታሬሌ የሚባለው የክረምት ሰላጣም የሚለወሰው በዚሁ አሊቺ ነው፤ ዓሣ በዐቢይ ጾም የማይቀምሱ ከሆነ ይህን እወቂላቸው። በእንቁላል የተለወሰ ትኩስ ፓስታም አለ፣ ፈቱቺኔን የመሰለው፤ ስፓጌቲና ፔኔን የመሰለው ደረቅ ፓስታ ግን ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው።

አሁን የሚበላውን ልቁጠርልሽ። ፔኔ አላራቢያታ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና የሚያቃጥል ቃሪያ ነው፤ ከላይ አይብ እንዳይነሰንሱበት ከተናገርሽ የእናትሽን አፍ የሚያረካ ምግብ ይሆናል። ፓስታ ኤ ቼቺ ማለት ሽምብራ ከአጫጭር ፓስታ ጋር በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል የተቀቀለበት ወፍራም ሾርባ ነው፤ አንዳንድ ቤት አሊቺ ስለሚጨምርበት መጠየቅ ያስፈልጋል። ቺኮሪያ የሚባል መረር የሚል ቅጠል ተቀቅሎ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ እንደገና ይጠበሳል። ጎመን የሚወድ ሰው ይህን ሳይቀምስ ከሮም መውጣት የለበትም። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም፣ ከፒዛዎቹ ሁሉም ብዙውን ጊዜ ርካሹ እሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ካርቾፊ አለ። ጠንካራ ቅርፊት የደራረበ፣ ሊፈካ የተዘጋጀ አበባ የሚመስል አትክልት ነው፤ ኤፕሪል ወቅቱ ነው። ሮማውያን በሁለት መንገድ ይሠሩታል። አንደኛው ከናናና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በዘይትና በውኃ ቀስ ብሎ የሚበስለው ነው። ሁለተኛው የአይሁድ ሰፈር አሠራር ሲሆን ሙሉውን ካርቾፊ ዘይት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይጠብሱታል። የውጭዎቹ ቅጠሎች እንደ ደረቅ ብስኩት ይንኮሻኮሻሉ፤ በጣት እየነቀልሽ ትበያለሽ፣ ወደ ልቡ ስትደርሺ ለስልሶ ይጠብቅሻል። ዘይትና ጨው እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። እናትሽ በሹካ ከመታገል በእጃቸው ይብሉት፤ እዚያም የሚበላው እንደዚያ ነው።

አስተናጋጅ ስታናግሪ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግሽም። «ሴንጻ ካርኔ፣ ሴንጻ ፎርማጆ፣ ሴንጻ ቡሮ፣ ሴንጻ ፔሼ፣ ሴንጻ ኡዎቫ» በያቸው፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ አይብ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ዓሣ፣ ያለ እንቁላል ማለት ነው። በወረቀት ጽፈሽ ብትይዢው ደግሞ እናትሽ ራሳቸው ማሳየት ይችላሉ። በልጅ አፍ ብቻ መብላት የሚያሳፍራቸው እናቶች አሉ።

ቤት የመምረጥ ነገርን በተመለከተ፣ በር ላይ ቆሞ እጅሽን ሊይዝ የሚደርስ አስተናጋጅ ያለበትን፣ የምግቡን ፎቶግራፍ በትልቁ የለጠፈውን፣ ዝርዝሩን በስድስት ቋንቋ ያተመውን ቤት እለፊው። ከታዋቂው ሐውልት ሦስትና አራት መንገድ ራቅ በይ። ዝርዝሩ አጭር የሆነ፣ የዕለቱ ምግብ በእጅ ተጽፎ የተለጠፈበት፣ ሰባት ሰዓት ላይ የሰፈሩ ሠራተኛ የሞላበት ቤት ካገኘሽ ግቢ። ሒሳብ ሲመጣ ዳቦ ለብቻው ቢጨመር አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው። ለጉርሻ እንደ አሜሪካ መቶኛ ማስላት አይጠበቅብሽም፤ ዋጋው በመቶ ግራም የተጻፈ ዓሣ ወይም ሥጋ ከማዘዝሽ በፊት ግን አስመዝኚ።

ለቀን ረኃብ ደግሞ ፒዛ አል ታልዮ የሚሸጡ ትንንሽ ቤቶች አሉ፣ ብዙዎቹም ከሰዓት በኋላ አይዘጉም። ረጃጅም አራት ማዕዘን ፒዛ ከመስታወት ጀርባ ተደርድሮ ይታያል። ሻጩ ቢላውን ወይም መቀሱን ይዞ ይጠብቅሻል፤ በእጅሽ ምን ያህል እንደምትፈልጊ ታሳዪዋለሽ፣ ቆርጦ ይመዝናል፣ ያሞቃል፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጥሻል። የምትከፍዪው በክብደት ነው። ለእናትሽ ፒዛ ሮሳ በይ፦ ቲማቲምና ዘይት ብቻ ነው፣ ጠርዙ የሚሰበር፣ መሃሉ በቲማቲም የራሰ። አንቺ የማትጾሚ ከሆነ ሱፕሊ የሚባለውን በቲማቲም ሩዝ የተሠራ፣ አይብ በሆዱ የያዘ ጥብስ ጨምሪበት።

ውኃ አትግዢ። በሮም መንገዶች ላይ ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የተተከሉ ሲሆን ዛሬ ወደ 2,500 ይደርሳሉ፤ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ የሚጠጣ ውኃ በነጻ ይፈስባቸዋል። ጠርሙስ ብቻ ይዘሽ ሂጂ። የቧንቧውን አፍ በጣትሽ ብትደፍኚው ከላይ ባለች ቀዳዳ ውኃው ወደ አፍ ይወረወራል፣ ጎንበስ ማለት ለማይችል ሰው ጥሩ ነው።

ቡናም ሁለት ዋጋ አለው። ባንኮው ጋ ቆመሽ ስትጠጪ ከአንድ ዩሮ ብዙም አይርቅም፣ ተቀምጠሽ ስታዝዢ ግን እንደ ቦታው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ቤቶች ውስጥ መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ጋ ከፍለሽ ደረሰኙን ለቡና ቀጂው ታሳዪያለሽ። ቡና ሦስት ጊዜ ቀድተው ጎረቤት ጠርተው የሚጠጡ እናት በሁለት ጉንጭ ቆሞ ጠጥቶ መውጣት ሊከብዳቸው ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ በጥሩ አደባባይ ላይ አስቀምጫቸው፤ ገንዘቡን ሳትሰስቺ ክፈዪ። በተረፈው ጊዜ ቆሞ መጠጣቱ ይበቃል።

ማደሪያችሁን ከተቻለ ሞንቲ ሰፈር ወይም በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያና በኮሎሲየም መካከል አድርጉት። ጫማ አደራ። የሮም መሃል ከተማ መንገድ ሳምፒየትሪኒ በሚባል ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ያልተስተካከለ ስለሆነ ቀጭን ሶል ያለው ጫማ ከሁለት ሰዓት በላይ አያስኬድም። እናትሽ ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ቀድሞ የተለመደ ጫማ ያድርጉ፤ ለጉዞው ብለሽ አዲስ እንዳትገዢላቸው። ነጠላቸውን ይያዙ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ትከሻ ይሸፈናል። ቤተ ክርስቲያኖቹ ለጉልበት የሚሆኑ ምርጥ ማረፊያዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ነጻ ናቸው፣ ወንበር አላቸው፣ ይቀዘቅዛሉ። ከቀትር በኋላ ግን ብዙዎቹ ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋሉ። በስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ በገንዘብ ያስቀጣል፤ እዚያ እናርፋለን ብላችሁ አትሂዱ።

ሐሙስ እንደገባችሁ ዕቃ አስቀምጣችሁ ትንሽ ተኙ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት በ64 ቁጥር አውቶቡስ ከቴርሚኒ ተሳፍራችሁ ላርጎ አርጀንቲና የሚባለው አደባባይ ላይ ውረዱ፤ ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ፣ ይህ መስመር በኪስ አውላቂ የታወቀ ነው። ከዚያ ፓንቴዎንን፣ ፒያሳ ናቮናን፣ ካምፖ ዴ ፊዮሪን ቀስ እያላችሁ አልፋችሁ ወደ ቀድሞው የአይሁድ ሰፈር ውረዱ። በናቮናና በፓንቴዎን መካከል ሳን ሉዊጂ ዴ ፍራንቼዚ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ካራቫጆ የሣላቸው ሦስት የወንጌላዊው ማቴዎስ ሥዕሎች ያለ ክፍያ ይታዩበታል። ክፍት ሆኖ ካገኛችሁት እንዳታልፉት።

የአይሁድ ሰፈር በ1555 በሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በጳውሎስ አራተኛ ትእዛዝ በግንብ ታጥሮ የነበረ ቦታ ነው። የተጠበሰውን ካርቾፊ የምትበሉት እዚህ ነው፤ ሐሙስ ማታ የመደብሁትም ምክንያት አለኝ። የአይሁድን የአመጋገብ ሕግ የሚጠብቁት ቤቶች ዓርብ ማታና ቅዳሜ ቀን ይዘጋሉ። በእነዚህ ቤቶች የአሳማ ሥጋ አይገባም፣ ሥጋ በሚያቀርቡት ዘንድ ደግሞ ወተትና ቅቤ ወጥ ቤት ውስጥ የለም፤ ስለዚህ በአትክልቱ ላይ ቅቤ ገብቶ ይሆን ብለሽ አትጨነቂም። የአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ላይ ከዋላችሁ አስቀድመሽ ስልክ ደውዪ። ከእራት በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ብትራመዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ62 ዓመት የተሠራውን ፋብሪቾ ድልድይ ታገኛላችሁ፤ ዛሬም ሰው በላዩ ወደ ቲቤር ደሴት ይሻገራል። ለመመለሻ ታክሲ ያዙ። ነጭ ቀለም ያለውና ቆጣሪ የገጠመው ይሁን።

ዓርብ ለቫቲካን ነው። የሙዚየሙን ቲኬት አሁኑኑ በኢንተርኔት ቁረጪ፣ የኮሎሲየሙንም ከፈለጋችሁ እንደዚያው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብሆን እናቴን ሙዚየሙ ውስጥ ብዙ አላቆያቸውም ነበር፤ ኮሪደሩ ረጅም፣ ሰዉ ብዙ፣ መቀመጫው ጥቂት ነው። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ጊዜ ስጧቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣ በቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ንገሪያቸው። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት የኖሩበት ቦታ ነው፤ በግእዝ የመጀመሪያው የታተመ አዲስ ኪዳንም በ1548 እና በ1549 እዚያው ሮም በመነኩሴው ተስፋ ጽዮን አዘጋጅነት ወጥቷል። እንደ ልብ የሚገባበት ቦታ አይደለም፤ ቢሆንም አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ከዚያ አደባባይ ላይ ቆመው የአገራቸው ሰዎች ከአምስት መቶ ዓመት በፊት እዚህ እንደጸለዩ ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል። የምዕራባውያን ፋሲካ በእነዚያ ቀናት ላይ ከዋለ ሰልፉ እጅግ ይረዝማልና ቀኑን አይተሽ በጠዋት ሂዱ።

ለዓርብ መብል ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቫቲካን አጠገብ ባለው በፕራቲ ሰፈር ፒዛ ሮሳ፤ ማታ ደግሞ፣ ደክሟችኋልና፣ በቴርሚኒ አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ሽሮና እንጀራ። ሮም ድረስ ሄዶ እንጀራ መብላትን የሚነቅፉ አሉ። እኔ አልነቅፍም፤ ግን አንድ ማታ ብቻ ይሁን፣ ሁለተኛው ማታ ከጨመራችሁ የሮምን ማዕድ ታጣላችሁ። በነገራችን ላይ ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው።

ቅዳሜ ነው የጉዞው ልብ። ይህን መንገድ ለማንም ኢትዮጵያዊ ሳልነግር አላልፍም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ጀምሩ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 አበበ ቢቂላ የማራቶን ሩጫውን የጀመረው ከዚህ ነው። ሩጫው ሲጀመር ወደ ማምሻው ነበር፤ ሲመለሱ መሽቶ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። በቪያ ዴ ፎሪ ኢምፔሪያሊ፣ ፍርስራሹን በግራና በቀኝ እያያችሁ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ኮሎሲየምና የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ትደርሳላችሁ። አበበ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የገባው በዚህ ቅስት ሥር ነው። እናትሽን እዚያ ጋ ፎቶግራፍ አንሺያቸው።

ከቅስቱ በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ቀጥሉ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚህ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ ሕንፃ ያኔ ለጣሊያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር የታሰበ ሲሆን ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። አበበ ተፎካካሪውን ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ ያፈተለከው ይህ ሐውልት ባለበት አካባቢ ነበር። በጦርነት ተዘርፎ ከተወሰደ የአገሩ ሐውልት ሥር ኢትዮጵያዊ ወታደር ዓለምን ቀድሞ ሲያልፍ አስቢው። ሐውልቱ በ2005 ወደ አክሱም ተመለሰ፣ በ2008 ተተከለ። ቦታው ላይ ዛሬ የሚታይ ብዙ ነገር የለም፤ ያም ሆኖ እኔ ከሮም አደባባዮች ሁሉ ቆም የምልበት እሱ ነው።

ከዚያ የቺርኮ ማሲሞን ሜዳ ዳር ይዛችሁ ወደ አቬንቲኖ ኮረብታ ውጡ። አቀበቱ አጭር ነው፣ ግን በእረፍት ይወጣ። ላይ ሳንታ ሳቢና ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የ5ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ከእንጨት የተቀረጸው በሩም የዚያው ዘመን ሲሆን በላዩ ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱ ጌታ በሁለቱ ወንበዴዎች መካከል ያለበት ነው፤ ስቅለትን ከሚያሳዩ ጥንታዊ ሥራዎች የሚቆጠር። ከጎኑ የብርቱካን ዛፎች የሞሉበት የአትክልት ቦታ ከነመቀመጫው አለ። እዚያ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ፤ ቲቤር ወንዝና የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ከፊታችሁ ይታያሉ።

ቁልቁለቱን ስትወርዱ ቴስታቾ ናችሁ፣ ምሳችሁም እዚህ ነው። ይህ ሰፈር ከ1890ዎቹ መግቢያ እስከ 1975 የከተማው ቄራ የነበረበት ነው። ጥሩው ሥጋ ለባለጠጋው ሲሄድ ጨጓራው፣ አንጀቱ፣ ጅራቱና ጭንቅላቱ ለሠራተኛው ይተርፍ ነበርና የሰፈሩ ሴቶች ከዚያ ትልቅ የምግብ ሙያ ፈጠሩ። ዱለት የሚያውቅ ሰው የሮምን ጨጓራ በቲማቲምና በናና ወጥ ቢቀምስ አይከፋውም፤ የማትጾሚ ከሆነ፣ እናትሽም ካልከፋቸው፣ ለአንቺ እሱን አመለክትሻለሁ። ጨጓራ በሮም ልማድ የቅዳሜ ምግብ መሆኑ ደግሞ ተገጣጥሟል።

ለእናትሽ የቴስታቾ ገበያ አለ። በ2012 ወደ አዲሱ ሕንፃ የገባ፣ ጣሪያ ያለው ገበያ ነው፤ እሑድ ዝግ ነው፣ በሌላው ቀንም ከሰዓት በኋላ ይበተናልና ከሰባት ሰዓት አትለፉ። ካርቾፊ በክምር፣ ቺኮሪያ በእስር፣ ቲማቲም በየዓይነቱ ታያላችሁ። በኤፕሪል ከሁሉ የሚያስደስታቸው ግን የባቄላ እሸት ይመስለኛል። ሮማውያንም በጥሬው ይወዱታል፤ እነሱ ከአይብ ጋር ይበሉታል። ግማሽ ኪሎ ግዙላቸው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው እየፈለፈሉ ይብሉ፤ ነጋዴዋንም በምልክት ያናግሯት፣ ስለ ባቄላ የሚግባቡ ሁለት ሴቶች አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ገበያው ውስጥ ካሉት የምግብ ሱቆች የበሰለ ቅጠልና ሽምብራ፣ ዳቦና ዘይት ይገኛል።

ስትጨርሱ፣ ጉልበት ከቀረ፣ ከገበያው አጠገብ ያለውን ሞንቴ ቴስታቾን እዩ። ወደ 35 ሜትር የሚደርስ ኮረብታ ሲሆን የተሠራው ሮማውያን የዘይት ማሰሮ ሰባብረው ከጣሉት ገል ነው። ካልቀረ ደግሞ ወደ ፒራሚዴ ጣቢያ ሂዱ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራው የቼስቲዮ ፒራሚድ ጣቢያው በር ላይ ቆሟል፤ የምድር ባቡሩ ቢ መስመር ሳትቀይሩ ቴርሚኒ ያደርሳችኋል። ይህ ሁሉ መንገድ በጠቅላላ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ማረፊያው ብዙ ስለሆነ ግማሽ ቀን መድቢለት።

እሑድ ቀለል አድርጊው። ሮማውያን እሑድ ምሳ ከቤተሰብ ጋር ስለሚወጡ ቅዳሜውኑ ስልክ ደውለሽ ወይም በአካል ሄደሽ ጠረጴዛ ያዢ፤ ትራስቴቬሬ ውስጥ ከዋናዎቹ መንገዶች ራቅ ያለ ቤት ፈልጊ። ከምሳ በፊት የሳንታ ማሪያ ኢን ትራስቴቬሬን የ12ኛው መቶ ዘመን ሞዛይክ እዩ። ከምሳ በኋላ አይስክሬም ከተመኛችሁ ለእናትሽ ሶርቤቶ የሚባለው አለ፣ ፍራፍሬና ውኃ ነው፤ ወተት እንደሌለበት ግን ጠይቂ። ፒስታቾው ደማቅ አረንጓዴ ሆኖ በክምር ካየሽ ቀለም ነው፣ ሌላ ቤት ሂዱ። የአፒያን መንገድ ማየት ከፈለጋችሁ እሑድ መኪና ስለሚቀንስ ጥሩ ቀን ነው፤ ድንጋዩ ግን ለታመመ ጉልበት ክፉ ነውና በ118 ቁጥር አውቶቡስ ሄዳችሁ ጥቂት ብቻ ተራመዱ።

ሰኞ ጠዋት በፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ያለውን የኤስኩዊሊኖ ገበያ ጎብኙ፤ የእስያና የአፍሪካ ቅመማ ቅመም ሁሉ የሚገኝበት ነው፣ እናትሽ ለወዳጅ ዘመድ የሚይዙት አያጡም። የወይራ ዘይት ከገዛችሁ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሉት። ወደ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ከቴርሚኒ ቀጥታ የሚሄደው ባቡር ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ያስከፍላል፣ 32 ደቂቃ ይፈጃል። ጣቢያው ሰፊ ስለሆነ ለእናትሽ አካሄድ ተጨማሪ ሩብ ሰዓት ይዘሽ ውጪ።